ከጃማይካ ሰፈር እስከ ኪንግስተን

ጥያቄ፦

«ተወልጄ ያደግሁት ሻሸመኔ ነው። ጃማይካ ሰፈር ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። አሁን ሐዋሳ ሆኜ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም በራስ ተፈሪያን እምነትና በጃማይካ ሃይማኖታዊ ሕይወት ላይ ለመሥራት ወስኛለሁ። ችግሬ ሁለት ነው። በይነ መረብ ላይ ስፈልግ የማገኘው ዘፈን፣ የጋንጃ ወሬና ‘ንጉሡን ያመልካሉ’ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ጃማይካ ሄጄ እንዳላይ ደግሞ አቅሙ የለኝም። ሁለተኛው የአባቴ ነገር ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። ‘ሰውን አምላክ የሚል ሕዝብ ምኑ ይጠናል?’ ብለው ተቀይመውኛል። ከየት ልጀምር? የቱንስ ልመን?»

የቄሱ ልጅ፣ ከሻሸመኔ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። በጣም ደስ ያለኝ «የጃማይካ ሃይማኖታዊ ሕይወት» የሚለውን ሐረግ መጨመርሽ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ራስታዎች ስናወራ የምናወራው ስለ ራሳችን ነው፤ ስለ ንጉሣችን፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማችን፣ ስለ ሻሸመኔው መሬት። እነርሱ ግን የራሳቸው ቅድመ አያቶች፣ የራሳቸው ጸሎት ቤት፣ የራሳቸው ቁስል ያላቸው የአንዲት ደሴት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ አትጀምሪ፤ ከጃማይካ ጀምሪ። (ከዚህ በኋላ «ዓመተ ምሕረት» ካላልሁ በቀር የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ አንድ ቁጥር ልስጥሽ። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ውስጥ ራስታ ነኝ ብሎ የተመዘገበው 29,000 ያህል ሰው ነው። ከመቶ አንድ መሆኑ ነው። ከመቶ 26 ያህሉ «የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን» በሚል ስም የሚጠሩ የልዩ ልዩ ጉባኤዎች ምእመን ነው፤ 12 ያህሉ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት፣ 11 ያህሉ ጴንጤቆስጤ፣ 7 ያህሉ ባፕቲስት ነው። ከመቶ 21 የሚሆነው ደግሞ ሃይማኖት የለኝም ብሏል። ዓለም ጃማይካን የሚያውቃት በራስታ መልክ ነው፤ ደሴቲቱ ግን እሑድና ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ ወደ ጸሎት ቤት የሚሄድ ሕዝብ ያለባት አገር ናት። ራስታ የሆነው ሰው እናቱና አያቱ ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ናቸው። መዝሙሩን የተማረው ከእነርሱ ነው።

ወደ ኋላ ስትሄጂ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። በ1780ዎቹ ጆርጅ ላይል የሚባል፣ በአሜሪካ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰባኪ ወደ ኪንግስተን መጥቶ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩንም «የኢትዮጵያ ባፕቲስት» ብሎ ጠራው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሊወለዱ መቶ ዓመት ያህል ይቀራል! የኢትዮጵያ ስም ደሴቲቱ ላይ የደረሰው በመርከብ በሄደ ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ባሪያ ተደርጎ የተሸጠ ሰው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ራሱን ሲፈልግ ያገኘው ስም ነው። መዝሙር 68ን አውጥተሽ እይ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው ቃል እዚያ አለ፤ ራስታዎች እግዚአብሔርን የሚጠሩበት «ጃህ» የሚለው ስም በአሮጌው የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚገኘውም በዚያው መዝሙር፣ በቁጥር 4 ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በ1831 የገና ሰሞን በባርነት ላይ የተነሣውን ዐመፅ የመራው ሳም ሻርፕ የባፕቲስት ዲያቆን ነበር። በ1865 ከስቶኒ ጋት ተነሥቶ ሕዝቡን ወደ ሞራንት ቤይ የመራው ፖል ቦግልም እንዲሁ ዲያቆን ነበር። በ1860 እና በ1861 ደሴቲቱን ያጥለቀለቀው የመንፈሳዊ መነቃቃት ማዕበል «ሪቫይቫል» የሚባለውን፣ ከበሮና ትንቢት፣ ጥምጣምና ፈውስ የተዋሐዱበትን አምልኮ አጠናከረ። ከባርነት መሻር በኋላ ከመካከለኛው አፍሪካ በኮንትራት ሠራተኝነት የመጡት ደግሞ «ኩሚና» የተባለውን፣ በከበሮና በጭፈራ የአያቶችን መናፍስት የሚጠራ አምልኮ ይዘው መጡ፤ ኩሚና ሥር የሰደደው በምሥራቃዊው የሴንት ቶማስ አውራጃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የራስታ ስብከቶች ብዙዎቹ የተሰሙትም በዚያው አውራጃ ነው። ይህን ዝምድና የሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ ብቻ ማንበብ ብትችይ የባሪ ሼቫንስን የ1994 ሥራ አንብቢ። ጃማይካዊ ምሁር ነው፤ የመጀመሪያውን ትውልድ አረጋውያን ራሳቸውን አነጋግሯቸዋል፤ ራስታን ከሪቫይቫል ሥር የበቀለ አድርጎ ያሳይሻል።

አሁን «የቱን ልመን?» ወዳልሽው ልምጣ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስደሽ እንድታነቢኝ እለምንሻለሁ።

ሊዮናርድ ሃወል በ1898 በክላረንደን አውራጃ ተወለደ። በፓናማና በአሜሪካ ኖሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1933 በሴንት ቶማስ መንደሮች እየዞረ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቀቡት ንጉሥ የተጠበቀው መሲሕ ናቸው ብሎ መስበክ ጀመረ። በ1934 ሞራንት ቤይ ላይ ሕዝብን በመንግሥት ላይ በማነሣሣት ተከሶ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። በ1940 ስሊጎቪል አጠገብ ፒናክል የሚባል የራሱን መንደር መሠረተ፤ ፖሊስ በ1941 ወረረው፣ በ1954 ደግሞ አፈራረሰው። ይህን ሁሉ ከየት አወቅነው? በብዛት ከ1834 ጀምሮ ከሚታተመው «ግሊነር» ጋዜጣና ገዥዎች ወደ ለንደን ከላኩት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤዎቹ ዛሬ ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ጃማይካን በሚመለከቱት የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፋይሎች ውስጥ ተቀምጠዋል። እንግዲህ ብዕሩን ይዞ የነበረው ማን እንደ ሆነ አስተውይ። መርማሪው ፖሊስ፣ ፈራጁ ዳኛ፣ የፈራው ገዥ፣ ጋዜጣውን ገዝቶ የሚያነበው ባለ ርስት። የተከሰሰው ሰው ድምፅ የሚሰማው በከሳሹ ጽሑፍ ውስጥ አልፎ ነው። እኛም አገር አንድን ሽፍታ ወይም አንድን ባሕታዊ የምናውቀው ባሳደደው ሹም ደብዳቤ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ንባብ ለአንቺ እንግዳ አይሆንብሽም።

እነዚህን ጽሑፎች ጣይ ማለቴ አይደለም። ያለ እነርሱ ዓመቱንም ቦታውንም አታገኚም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ወረቀት «ማን ጻፈው? ለማን? ምን ሊያደርግበት ፈልጎ?» ብለሽ ማስታወሻ ያዢ፤ ከዚያ ከጎኑ የራሳቸውን ቃል አኑሪ። ሃወል በ1935 ገደማ ጂ. ጂ. ማራግ በሚል የብዕር ስም ያሳተማት «ዘ ፕሮሚስድ ኪ» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ በይነ መረብ ላይ በነጻ ትገኛለች። ስታነቢያት ከእርሱ በፊት ከታተመ ሌላ ጽሑፍ ብዙ እንደ ወሰደ ታያለሽ፤ ያም ራሱ ማስረጃ ነው፤ በዚያን ዘመን በድሆቹ መካከል ምን ይነበብ እንደ ነበር ይነግርሻል።

ስለ ጃማይካዊው የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ስለ ማርከስ ጋርቬይም እንዲሁ ተጠንቀቂ። «ወደ አፍሪካ ተመልከቱ፤ ጥቁር ንጉሥ ይነግሣል» ብሎ ተነበየ የሚለውን በሁሉም ቦታ ታገኚዋለሽ። በታተሙት ንግግሮቹና ጽሑፎቹ ውስጥ ግን ቃሉ በዚህ መልክ አልተገኘም፤ እንዲያውም ጋርቬይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለንደን ተቀምጦ ንጉሠ ነገሥቱን ክፉኛ ነቅፏል። ታዲያ በጽሑፍሽ ውስጥ «ጋርቬይ ተነበየ» አትበይ፤ «ራስታዎች ጋርቬይ እንደ ተነበየ ያምናሉ፤ ከአፍ ወደ አፍም ያስተላልፋሉ» በይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ብዕሩ ወደ ሌላ እጅ የተሻገረበት ዓመት 1960 ነው። ሞርቲሞ ፕላኖን የመሰሉ የኪንግስተን ራስታዎች «ስለ እኛ እውነቱን አጥንታችሁ ጻፉ» ብለው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ጠየቁ። ኤም. ጂ. ስሚዝ፣ ሮይ ኦጊየርና ሬክስ ኔትልፎርድ የሚባሉ ሦስት ምሁራን ሁለት ሳምንት ያህል በምዕራብ ኪንግስተን የድሃ ሰፈሮች ውስጥ ቆይተው አጭር ዘገባ አወጡ። ችኮላ ነበረበት፤ ተቺም አላጣም፤ ቢሆንም ተመራማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚነሣው ከእርሱ ነው። የምክር ሐሳቦቹን በተለይ አንብቢ። ወደ አፍሪካ አገሮች ልዑክ ይላክ ብሎ ነበር፤ በ1961 ተላከ፣ ኢትዮጵያንም ጎበኘ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በምዕራብ ኪንግስተን አጥቢያ እንድትከፍት ትጋበዝ የሚል ሐሳብም አለበት። ይህቺን ነጥብ ያዢልኝ፤ ወደ አባትሽ ስንመጣ እፈልጋታለሁ።

ዘገባው ሁሉን ነገር አልፈወሰም። በሚያዝያ 1963፣ በስቅለት ሰሞን፣ ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ በሚባል ስፍራ በተነሣ ግጭት ስምንት ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በምዕራብ ጃማይካ ራስታ የተባለ ሁሉ እየታፈሰ ታሰረ፤ ተደበደበ፤ ጸጉሩ በግዳጅ ተላጨ። መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው፤ ቃሉን በምክር ቤት የተናገሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ ናቸው። የተረፉት አረጋውያን በራሳቸው አንደበት ሲመሰክሩ ለመስማት «ባድ ፍራይዴይ» የተባለውን የ2011 ዘጋቢ ፊልም ፈልጊ። ስታዪው ብቻሽን አትሁኚ፤ ከባድ ነው።

ሳትሄጂ የምትደርሺባቸው ቦታዎች አሉ። የካሪቢያን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነጻ የተከፈተ ነው፤ ጋዜጣ፣ በራሪ ወረቀት፣ ፎቶግራፍ ታገኚበታለሽ። «ካሪቢያን ኳርተርሊ» የተባለው መጽሔት በ1980 ለራስታ ብቻ ልዩ እትም አውጥቷል፤ ሞሪን ሮው ስለ ሴቶች የጻፈችው እዚያ ውስጥ ስላለ እንዳያመልጥሽ። የወንዶቹን ድምፅ ብቻ ሰምቶ የሚመለስ ተመራማሪ ብዙ ነው። መጽሔቱን የምታገኚው በዩኒቨርሲቲሽ የመጽሔት ምዝገባ በኩል ስለሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቂ። ኪንግስተን ውስጥ የጃማይካ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። የአፍሪካ ካሪቢያን ተቋም ደግሞ «የጃማይካ ትዝታ ባንክ» በሚል ስም የአረጋውያንን የቃል ታሪክ በድምፅ ቀርጾ ያስቀምጣል፤ ስለ ሪቫይቫልና ስለ ኩሚና እዚያ የተሰበሰበው ሀብት ነው። ሞና በሚገኘው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲም ልዩ ስብስብ አለ። ጻፊላቸው። ደብዳቤሽ አጭር ይሁን፤ የምትፈልጊውን ዓመትና ስም ለይተሽ ጥቀሺ። «ስለ ራስታ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

ስትፈልጊ ደግሞ ቃሉን ቀያይሪ። የ1930ዎቹና የ1950ዎቹ ጋዜጦች «ራስ ታፋሪ» ብለው ለይተው ነው የሚጽፉት፤ አብዛኛውን ጊዜም «ከልት» የምትል የንቀት ቃል ይለጥፉበታል። በዛሬው ስም ብቻ ከፈለግሽ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት በሙሉ ያመልጡሻል። ራስታዎች ራሳቸው ግን በስማቸው መጨረሻ ላይ «ኢዝም» የሚል ቅጥያ ሲጨመርበት አይወዱም፤ በቃለ መጠይቅሽ ውስጥ አትጠቀሚበት።

ስለ ሙዚቃው አጭር ነገር ልበልሽ። ዘፈን ስላገኘሽ አትዘኚ፤ ግን ከሬጌ በፊት ያለውን ስሚ። ኒያቢንጊ የሚባለው የራስታዎች ነባር ሥርዓት ጸሎት በሦስት ከበሮ ይመራል፤ ባስ፣ ፈንዴና ሪፒተር ይባላሉ። የራስታውን ከበሮ መቺ የካውንት ኦሲን ቅጂዎች ስታዳምጪ የሪቫይቫልም የአፍሪካም ምት ይሰማሻል። «ሰጠ ምስጋና» የሚለውን የ1969 ዘፈን ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቋንቋችንን ከመጽሐፍ ላይ ለቅመው፣ ፊደል እየቆጠሩ የተማሩ ወጣቶች የዘመሩት ነው። ሰዋስው ባይገጥምም ልቤን ይነካዋል።

ቀጥሎ ያለው ሀብትሽ የጎረቤትሽ በር ነው። ኪንግስተን ያለ ተመራማሪ የሚቀናበት ነገር በእግር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለሽ። ጃማይካ ሰፈር የገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች፣ ጄምስና ሄለን ፓይፐር፣ በ1948 መጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል የሰጡት መሬት አምስት ጋሻ ነበር። ፌዴሬሽኑን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የመሠረቱት ዶክተር መላኩ በያን ኢትዮጵያዊ ናቸው። ለሰፈሩ ታሪክ የጁሊያ ቦናቺን፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ እነርሱ ለምናስበው ደግሞ የኤሪን ማክላውድን መጽሐፍ አንብቢ። ሁለቱም ሻሸመኔ ድረስ መጥተው የሠሩ ናቸው።

ከዚያ መጽሐፉን ዘግተሽ በር አንኳኪ። የመጀመሪያውን ቀን መቅረጫ ይዘሽ አትሂጂ። ሰላምታ ስጪ፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ፤ ቡና ጠጪ። ስለ ጋንጃ አትጠይቂ። እርሱን የጠየቃቸው ጋዜጠኛ ሁሉ ሌላ ነገር ሳይሰማ ሄዷል። «እናትዎ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚህ አንድ ጥያቄ የባፕቲስቱም፣ የሪቫይቫሉም፣ የአድቬንቲስቱም ታሪክ እየተመዘዘ ይወጣል። ሁሉም ከጃማይካ እንዳልመጡም አስታውሺ፤ ከትሪኒዳድም፣ ከእንግሊዝም፣ ከአሜሪካም የመጡ አሉ። የነገሩሽን ጽፈሽ መልሰሽ አንብቢላቸው፤ ይህን ተዪው ያሉሽን ተዪ። ብዙዎቹ በ2017 የነዋሪነት መታወቂያ እንዲሰጣቸው እስኪወሰን ድረስ ለአሥርት ዓመታት ያለ ወረቀት የኖሩ ናቸው፤ ስም ማስመዝገብ ቢያስፈራቸው አትፍረጂባቸው።

አዲስ አበባ ስትመጪም ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ግቢ፤ የሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጋዜጦችን ጠይቂ። ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን የደረሱት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበ ወዲያው መውረድ አልቻሉም፤ መንገድ የከፈተላቸው ያ ሞርቲሞ ፕላኖ ነበር። ራስታዎች ያን ቀን እስከ ዛሬ በበዓል ያስቡታል። የእኛ ጋዜጦች ቀኑን እንዴት እንደ ጻፉት ከ«ግሊነር» ጋር አስተያይው። ይህን ማድረግ የሚችለው አማርኛ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው፤ የአንቺ ጽሑፍ ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ይሆናል።

አሁን አባትሽ። ቅሬታቸው ከክፋት እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ካህን ናቸው፣ የሚጠብቁት ነገር አላቸው። ስለዚህ አትከራከሪያቸው፤ የምታነቢውን አካፍያቸው። መጀመሪያ ነገር፣ ራስታ ሁሉ ስለ ንጉሡ አንድ ዓይነት እምነት የለውም። በኒያቢንጊ ሥርዓት ያሉት አምላክ ናቸው ይላሉ። በ1958 በልዑል አማኑኤል የተመሠረቱት፣ ጥምጣም የሚጠመጥሙትና ቅዳሜን በጥብቅ የሚያከብሩት ቦቦ አሻንቲዎች ንጉሡን፣ ጋርቬይንና መሥራቻቸውን አንድ ላይ በሥላሴ አምሳል ያያሉ። በ1968 የተመሠረቱት አሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገዶች ደግሞ በየቀኑ የመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ያነብባሉ፤ ብዙዎቹ ክርስቶስን አምላክ፣ ንጉሡን የዳዊት ዙፋን ወራሽ ይላሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም በ1967 ለካናዳ ሬዲዮ ሲናገሩ፣ ሰው እንደሆኑና እንደሚሞቱ ለራስታዎቹ በግልጽ እንደ ነገሯቸው አስረድተዋል።

ያዢልኝ ያልሁሽን ነጥብ አሁን አምጪው። በ1970 ያ የዩኒቨርሲቲ ምክር እውን ሆነ፤ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ ኪንግስተን ገብተው ቤተ ክርስቲያናችንን አቋቋሙ። በሺህ የሚቆጠሩ ጃማይካውያንን አጠመቁ። አንዳንዱ በኃይለ ሥላሴ ስም ካልተጠመቅሁ ብሎ ነበር፤ እርሳቸው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ ነው ብለው ጸኑ፤ ሰዎቹን ግን አላባረሩም። ቦብ ማርሊን በኅዳር 1980 ብርሃነ ሥላሴ ብለው ያጠመቁት፣ በግንቦት 1981ም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የተሸኘበትን ጸሎት የመሩት እርሳቸው ናቸው። በ1989 ስለ ቤተ ክርስቲያናችን በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍም አለ። በታኅሣሥ 2005 ሲያርፉ የተቀበሩት ኢትዮጵያ አይደለም፤ ኪንግስተን፣ ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ባለው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ከዚያም አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አፅማቸው በዚያች ደሴት ለምን እንዳረፈ፣ እንደ ካህን ምን እንደሚያስቡ ጠይቂያቸው። የሚመልሱልሽንም ጻፊው።